ቁጥሩ አማረ፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ

የአንባቢዋ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ አማካሪ። እንደምን ከረሙ? እኔ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው ጎንደር ነው። በእንስሳት ጤና ተመርቄ፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የውሾች መጠለያ ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጠለያውን ያቋቋሙት ጥቂት የከተማችን ልጆች ሲሆኑ፣ የምግቡንና የመድኃኒቱን ወጪ የሚሸፍኑልን በአብዛኛው በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች ናቸው።

ለእነዚህ ረጂዎች በየሦስት ወሩ ሪፖርት እንልካለን። የማዘጋጀውም የምፈርምበትም እኔ ነኝ። እነርሱ ከሁሉ አስቀድመው የሚመለከቱት «በሕይወት የመውጣት ምጣኔ» የሚባለውን ቁጥር ነው፤ ማለትም ከመጠለያው ከወጡት ውሾች ከመቶ ስንቱ በሕይወት ወጡ የሚለውን። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት 58 ውሾች ከእጃችን ወጥተዋል። 24ቱ አሳዳጊ አገኙ፤ 6ቱን ባለቤቶቻቸው ፈልገው ወሰዷቸው፤ 11ዱ ተከትበውና መክነው ወደ ነበሩበት ሰፈር ተመለሱ። 8ቱ፣ አብዛኞቹ ቡችሎች፣ ተቅማጥ ይዟቸው ክፍላቸው ውስጥ ሞቱ። የቀሩት 9ኙ በመርፌ ነው የሄዱት። ከእነዚህ ሦስቱ መኪና ገጭቷቸው ወገባቸው የተሰበረ፣ ሁለቱ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት የታየባቸው ስለ ነበሩ አሳረፍናቸው። አራቱን ግን ገደልናቸው። ሁለቱ ብልታቸው ላይ ዕጢ ነበረባቸው፤ ሁለቱ ምንም አልነበረባቸውም፤ ወሳጅ አጡ፣ ቦታም አልነበረም። ለሃያ ውሾች በተሠራው ግቢ ዛሬም ሠላሳ አራት አሉ። ሐኪሙ ሲወጋቸው ጭንቅላታቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ኃላፊያችን «ከዘጠና በታች የሆነ ቁጥር ከላክን ገንዘቡ ይቆማል፤ ገንዘቡ ከቆመ ሠላሳ አራቱም ያልቃሉ» ይላል። ስለዚህ የሞቱትን 8 እንድተዋቸው፣ በመርፌ ከሄዱት 9 መካከልም 7ቱን «በባለቤት ጥያቄ» በሚለው ሥር አስገብቼ ከስሌቱ እንዳወጣቸው አዞኛል። ባለቤት የሌላቸው የመንገድ ውሾች ነበሩ። በእርሱ ስሌት 95 ከመቶ ይመጣል። ክፉ ሰው አይደለም፤ የራሱን ደመወዝ ለውሾቹ መድኃኒት ሲያውለው በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌላም አለ። ዘበኛችን «ማንያውቃል» ብሎ የሰየመው ውሻ ከእኛ ጋር ዐሥራ አራት ወር ሆኖታል። ሁለት ሠራተኞች ነክሷል። ቀኑን ሙሉ ክፍሉ ውስጥ ክብ እየሠራ ሲዞር ይውላል። ኃላፊው ቁጥሩ እንዳይበላሽ ብሎ በመርፌ እንዲሄድ አይፈልግም፤ ሐኪሙ ይብቃው ይላል፤ እኔ ደግሞ ይህን ውሻ እወደዋለሁ። እናቴም ሥራዬን ካወቀች ወዲህ «ነፍስ የሰጠ ሌላ፣ የምትነሺው አንቺ» ትለኛለች። ልፈርም? ማንያውቃልን ምን ላድርገው? ወይስ ሥራውን ልተወው?

ፊርማዋ የከበዳት፣ ከጎንደር

መልስ

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በሁለተኛው ንባብ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። ስለ አምስቱ ስትጽፊ «አሳረፍናቸው» ብለሻል፤ ስለ አራቱ ስትጽፊ ደግሞ «ገደልናቸው»። መርፌው አንድ ዓይነት፣ ሐኪሙም አንድ፣ ጭንቅላታቸውን የያዘውም ያው የአንቺ እጅ ሆኖ ሳለ ቃሉን የለየሽው አስበሽበት ነው ወይስ ብዕሩ ቀድሞሽ ነው? የትኛውም ይሁን፣ ሁለቱን ሞቶች ማንም ሳያስተምርሽ ለይተሽ አስቀምጠሻቸዋል፤ ኃላፊሽ አሁን የሚጠይቅሽ ይህንኑ የለየሽውን መልሰሽ እንድትቀላቅዪው ነው። እንቅልፍ የነሣሽ መርፌው ራሱ ቢሆን ኖሮ ወገባቸው ስለ ተሰበረው ሦስቱም በዚያው ቃል በጻፍሽ ነበር ብዬ አስባለሁ። ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ።

በቅድሚያ ቁጥሩን እናንሣ፤ እርሱ ከተስተካከለ ሌላው ይቀልላልና። አሜሪካ ውስጥ መጠለያዎች በየራሳቸው መንገድ እየቆጠሩ «ገዳይ» እና «አስመሳይ» እየተባባሉ ብዙ ከተወቃቀሱ በኋላ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የተለያየ አቋም የነበራቸው ወገኖች ካሊፎርኒያ ውስጥ አሲሎማር በተባለ ስፍራ ተገናኝተው የጋራ የአቆጣጠር ስምምነት አወጡ። እንስሳቱንም ጤነኛ፣ ታክሞ የሚድን፣ ፈጽሞ ባይድንም በእንክብካቤ ደኅና ሆኖ የሚኖር፣ እንዲሁም ከዚህ ውጭ የሆነና የማይድን ብለው በአራት ከፈሏቸው። የማይድን እንስሳ ያለው ባለቤት ራሱ አምጥቶ ሕይወቱ ያለ ሥቃይ እንዲያልፍ ሲጠይቅ ያ እንስሳ ከስሌቱ እንዲወጣ የተደረገውም በዚሁ ስምምነት ነው፤ አርጅቶ የሚሠቃይ ውሻውን ታቅፎ የመጣ ሰው ከመጠለያው የሚፈልገው የሐኪም እጅ እንጂ ማደሪያ አይደለምና። ኃላፊሽ የገባባት በር ይህች ናት። በሯ ግን የተከፈተችው ባለቤት ላለው ውሻ ነበር።

ዘጠና የሚለው ወሰንም ከየት እንደ መጣ ማወቁ አይጎዳሽም። በዚያው አገር «አንገድልም» የሚሉ መጠለያዎች የሚለኩበት የተለመደ መስፈርት ሲሆን፣ መነሻው ወደ መጠለያ ከሚገቡት መካከል ዐሥር ከመቶ ገደማ የሚሆኑት ሊድኑ በማይችሉበት ሕመም ወይም ለሰው አደገኛ በሆነ ጠባይ ምክንያት ሊተርፉ አይችሉም የሚል ግምት ነው። ግምቱ የተሠራው ብዙው ውሻ በሰው ቤት በሚያድርበትና ክትባት በሚያገኝበት አገር ነው። ሴት ቡችሎች ዓይናቸው ሳይገለጥ በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው በር ላይ በሚጣሉበት ከተማ ያው ዘጠና ከመቶ እንዴት መለኪያ ሊሆን እንደሚችል እኔ አልገባኝም፤ ለረጂዎቻችሁም ይህን ያስረዳቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ቁጥሮችሽን ይዤ ወረቀት ላይ አሰላኋቸው። በሕይወት የወጡት 41 ናቸው። ለ58ቱ ስናካፍላቸው 71 ከመቶ ገደማ ይሆናል። በክፍላቸው የሞቱትን 8 አውጥተን ለ50 ስናካፍል 82 ይመጣል፤ ይህኛው መንገድ ማታለል አይባልም፣ በአሲሎማሩ ሰንጠረዥም በእንክብካቤ ሥር እያሉ የሞቱትና የጠፉት ከምጣኔው ውጭ ሆነው በራሳቸው መስመር ይሰፍራሉ። መስመራቸው ግን አይሰረዝም። ኃላፊሽ 95ን ያገኘው ለ43 አካፍሎ ነው። እንግዲህ በ82ና በ95 መካከል ያሉት፣ በዚህ ምድር ላይ ያልነበሩ ሰባት የውሻ ባለቤቶች ናቸው። አንቺ እንድትፈርሚ የተጠየቅሽው በእነርሱ ስም ነው።

ረጂዎቻችሁ በመርፌ የሄዱትን ዘጠኙን አይተው ይደነግጡ ይሆናል። እኔን ይበልጥ ያስደነገጡኝ ግን ስምንቱ ናቸው። አንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄን ጠይቄ እንደ ተረዳሁት፣ አንቺም ከእኔ በላይ እንደምታውቂው፣ ቡችሎችን በተቅማጥ የሚፈጀው ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ በወለልና በዕቃ ላይ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ በተራ ሳሙና አይጠፋም፣ በረኪናን የመሰለ ነገር ይፈልጋል። ሃያ በሚያድርበት ሠላሳ አራት ሲያድር፣ አዲስ ገቢው ለብቻው የሚቆይበት ክፍል ሲጠፋ፣ አንድ የታመመ ቡችላ ጎረቤቶቹን ይዞ ይሄዳል። የእነዚህን ሞት ማንም ቁጭ ብሎ አልወሰነውም፤ ማንም አልፈረመበትም፤ በሪፖርቱም አይታይም። ነገር ግን ቁጥር እንዳይበላሽ ተብሎ ማንያውቃል በክፍሉ ሲዞር በዋለ ቁጥር ያ ክፍል ለሌላ አልደረሰም። ኢጣሊያ በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በጠና ከታመመና ማዳን ከማይቻል ወይም አደገኛነቱ ከተረጋገጠ በቀር የመንገድ ውሻ እንዳይገደል ከልክላለች፤ መልካም ሕግ ነው፤ አሳዳጊ በበቂ ባልተገኘባቸው አካባቢዎች ግን ብዙ ውሾች ዕድሜ ልካቸውን በሽቦ ውስጥ ኖረው አልቀዋል። በሌላ ወገን ደግሞ በሩን ለታመመ ውሻ የሚዘጋ መጠለያ አለ፤ የእርሱ ምጣኔ ሁልጊዜ ያማረ ነው፣ የተመለሰው ውሻ የሚሞተው ከአጥሩ ውጭ ስለሆነ።

ስለዚህ «ልፈርም?» ላልሽው፣ በ95ቱ ላይ አትፈርሚ እላለሁ። ይህን ስልሽ ገንዘቡ ይቆማል የሚለውን ስጋት ቀላል አድርጌ አይደለም፤ ሊቆም ይችላል፤ ሠላሳ አራት ውሻ መመገብ ያለበት ሰው ስጋት ከንቱ አይባልም። ግን እስቲ ይህን አስቢ፦ 95 ከመቶ የሚል ሪፖርት የደረሰው ረጂ ምን እንዲያደርግላችሁ ትጠብቃላችሁ? ሁሉ ደኅና ነው ተብሏል። በሕይወት የወጡትን፣ በመርፌ የሄዱትንና በበሽታ የሞቱትን ለይቶ ያየ ረጂ ግን ገንዘቡ የት ሊውል እንደሚገባ ያያል። ከረጂዎቹ አንዱ ለበዓል አገር ቤት ገብቶ ጥምቀትን ጎንደር ሊያከብር ሲመጣ ወደ ግቢያችሁ ጎራ ብሎ «እነዚህ ሰባት ባለቤቶች እነማን ናቸው?» ቢልሽስ? ያን ዕለት የሚጠረጠረው የሦስት ወር ሪፖርት ብቻ አይሆንም።

ወደ ኃላፊሽ የምትሄጂው ሪፖርቱ ከሚላክበት ቀን ቀደም ብለሽ፣ ሌሎች በሌሉበት፣ ቢቻል ቡና ተፈልቶ ይሁን። ስለ ውሸት በማውራት አትጀምሪ፤ ደመወዙን ለመድኃኒት ሲያውል እንዳየሽው ንገሪው፤ ማንም ያን ሳይነግረው የቆየ ሰው ሊሆን ይችላል። ከዚያም ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ የምትልኩትን ጽሑፍ አዘጋጅተሽለት ሂጂ። እኔ ብሆን እንዲህ ያለ ነገር እጽፍ ነበር፦ «በእነዚህ ሦስት ወራት 58 ውሾች ከመጠለያችን ወጥተዋል፤ 41ዱ በሕይወት፣ 9ኙ በመርፌ፣ 8ቱ በበሽታ። ከዘጠኙ አምስቱን ማዳን የሚቻል አልነበረም፤ አራቱን ያጣናቸው ቦታና መድኃኒት ስላልነበረን ነው። ስምንቱ የሞቱት በመጨናነቅና በክትባት እጥረት ነው። ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት የሚያስፈልገን ለአዲስ ገቢዎች የሚሆን ለብቻው የቆመ አንድ ክፍል፣ የቡችሎች ክትባትና የዕጢ መድኃኒት ነው።» ከዚህ ሥር ሁለቱንም ምጣኔ፣ 71ንና 82ን፣ አሰላሉን እያሳያችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። እርሱ ግን «አይሆንም» ካለ፣ ያለ ጠብ «እንግዲያው አንተ ፈርምበት፤ የእኔን ስም ከአዘጋጅነት አውጣው» በዪው። በምንም ምክንያት የዕለት መዝገቡን እንዳትነኪ፤ ሪፖርት ይታረማል፣ የተደለዘ መዝገብ ግን ዋጋ የለውም።

ከመዝገቡ ጋር በተያያዘ አንዲት ጠቃሚ ልማድ ልጠቁምሽ። የውሻውን ምድብ፣ ማለትም ጤነኛ ነው፣ የሚድን ነው፣ ወይስ የማይድን ነው የሚለውን በገባበት ዕለት ወይም ሐኪሙ ባየው ማግስት ጻፉት፤ አንቺና ሐኪሙ ሁለታችሁም ፈርሙበት። በሌላውም አገር ቁጥር ሲጣመም የሚጣመመው ብዙውን ጊዜ በመውጫው ላይ ነው፤ ታክሞ ሊድን የሚችል ተብሎ የገባው ውሻ ቦታ ሲጠፋ በአንድ ጊዜ «የማይድን» ይሆናል። በመግቢያው ላይ ከተጻፈ መለወጡ ይታያል፤ ለምን እንደ ተለወጠም ማስረዳት ይመጣል።

አሁን ወደ አራቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ዝም ብዬ ላጽናናሽ አልፈልግም፣ አንቺም የምትቀበዪው አይመስለኝም። በብልት ላይ የሚወጣውና በውሾች መካከል በግንኙነት የሚተላለፈው ዕጢ ቪንክሪስቲን የተባለውን መድኃኒት በሳምንት አንድ ጊዜ ለተወሰኑ ሳምንታት በደም ሥር በመስጠት በአብዛኛው የሚድን ነው። እናንተ ዘንድ መድኃኒቱ አልነበረምን? ወይስ የሚገዛበት ገንዘብ? ወይስ ሕክምናው ሲካሄድ ውሻው የሚቆይበት ክፍል? የጎደለው የትኛው እንደ ሆነ ካወቅሽ ቀጣዩን ማትረፍ ይቻላል። ከተማችሁ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያላት ናት፤ ለተማሪዎች ልምምድ የሚሆኑ ታካሚዎች የእናንተ ግቢ ሞልቷል፤ አንድ ደብዳቤ ጽፋችሁ በሳምንት አንድ ቀን መምህር ከተማሪዎቹ ጋር እንዲመጣላችሁ ብትጠይቁ የምታጡት ነገር የለም።

ምንም ያልነበረባቸው ሁለቱስ የመጡት ከየት ነበር? ይህን የምጠይቅሽ ለወቀሳ እንዳይመስልሽ። በከተሞቻችን «ባለቤት የለውም» የሚባለው ውሻ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሰፈሩ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አንዱ ሥጋ ቤት አጥንት ይጥልለታል፣ አንዷ ጠጅ ቤት ፍርፋሪ ታስቀምጥለታለች፣ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ጮኾ የሚያነቃው ያንኑ ሰፈር ነው። 11ዱን እንደ መለሳችኋቸው እነዚያንም መመለስ ይቻል ነበር ወይ? ህንድ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንብ አውጥታ የያዘችው መንገድ ይኸው ነው፦ መያዝ፣ ማምከን፣ መከተብና ወደ ነበረበት መመለስ። ከአንድ አካባቢ ውሾች ሰባ ከመቶ የሚሆኑት ከተከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ በመካከላቸው መዛመቱ እንደሚቆም የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ተከትቦ የተመለሰ ውሻ ባልተከተበ ውሻ ላይ በር እንደ መዝጋት ነው። ደባርቅን አልፎ ስሜን ተራሮች ላይ ያለው ቀይ ቀበሮም፣ በዓለም ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱት ከአምስት መቶ የማይበልጡት ምስኪን እንስሳ፣ በሽታው የሚደርስበት ከውሻ ነው። የአንቺ 11 ውሾች እዚያ ድረስ ቁም ነገር አላቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

ማንያውቃልን በተመለከተ አስቀድሜ የማስበው ስለ ተነከሱት ሁለት ሰዎች ነው። ቁስላቸው ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ታጥቦ ነበር? ጤና ተቋም ሄደው ክትባት ጀመሩ? ነክሶ ዐሥር ቀን በጤና የቆየ ውሻ በንክሻው ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ይባላል፤ እርሱም ቆይቷል፤ ሆኖም ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የሌለው ስለሆነ፣ እንደ አንቺ ውሻ የሚይዝ ሠራተኛ ሁሉ ሳይነከስ በፊት መከተብ ይገባዋል። አንቺ ተከትበሻል?

ቀጥሎ የምጠይቅሽ መቼና እንዴት እንደ ነከሰ ነው። ምግብ ሲቀርብለት ነው? ጆሮውን ወይም ወገቡን ሲነኩት ነው? ወይስ ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ? የታመመ ጥርስ፣ የሚመግል ጆሮ ወይም የሚጠዘጥዝ ዳሌ ያለው ውሻ ተናካሽ ይባላል እንጂ በሽተኛ መሆኑን የሚያስብለት የለም። ሐኪሙ «ይብቃው» ከማለቱ በፊት አደንዝዞ አፉን፣ ጆሮውንና አጥንቱን እንዲያይልሽ ለምኚው። ሕመም ከተገኘበት አክሙት፤ ካልተገኘበትም ስድስት ሳምንት ስጡት፤ ስድስት ያልኩት እንዲያው ሳይቆረጥ እንዳይንከባለል ነው፣ አምስትም ሰባትም ልትሉት ትችላላችሁ። በእነዚያ ሳምንታት በቀን ሁለት ጊዜ አፉ ተለጉሞ ከግቢ ይውጣ፣ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ይቅረበው፣ መዞሩ መቀነሱንና አለመቀነሱን ጻፊው። ትልቅ ግቢ ያለውና ትንንሽ ልጆች የሌሉበት ሰው ለዘበኝነት ቢፈልገው እንኳ ሁለት ሰው መንከሱን ሳትነግሩ እንዳትሰጡ፤ በሕይወት ከወጡት መካከል አንድ ጨምራችሁ የሰው ልጅ ፊት ብታስበሉ ያ ቁጥር ምን ይጠቅማል?

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሳምንታቱ ሲያልቁ አሁንም የሚዞር፣ አሁንም የሚፈራና የሚናከስ ከሆነ፣ ከሐኪሙ ጋር እስማማለሁ። ያን ጊዜ ለብቻሽ አትወስኚ፤ አንቺ፣ ሐኪሙና ኃላፊው ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ ምክንያቱን ጽፋችሁ ፈርሙ። አስቀድሞ የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጠው፤ ከዚያ ሕይወቱን የሚያሳልፈው መድኃኒት፣ ፔንቶባርቢታል፣ ሲገባ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። ሌሎቹ ውሾች በማያዩበት ቦታ፣ ሆዱን ሞልቶ፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ሆኖ። የስሙን ነገር ካነሣን፣ በገጠሩ ባህላችን ለውሻ የሚወጣ ስም ብዙ ጊዜ ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው፤ አያቴ ውሻቸውን «ቻለው» ብለው ይጠሩት ነበር፣ መልእክቱ ለማን እንደ ሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ዘበኛችሁ ማንያውቃል ሲለው ለማን እንደ ላከው ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?

ያ ቻለው የተባለው ውሻ ደምቢያ ውስጥ ልጅ ሳለሁ አብዶ ነው የሞተው። መርፌ የሚባል ነገር በአካባቢው ስላልነበረ ሰዎች በዱላ ነው የገደሉት፤ ሲጮኽ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አዲስ አበባን በመሳሰሉ ከተሞች ደግሞ ስትሪክኒን የተባለ መርዝ የተለወሰበት ሥጋ እየተጣለላቸው፣ ውሾች ራሳቸውን እያወቁ በመንዘፍዘፍ ሞተዋል። እናትሽ «ነፍስ መንሣት» ስትል በዓይነ ሕሊናዋ የምታየው ይህን ይመስለኛል፤ ሰው ውሻን ሲገድል የምታውቀው እንዲያ ነውና። አንቺ የምታደርጊውን አይታው አታውቅም። ልትከራከሪያት ሳይሆን ልትነግሪያት ሞክሪ፦ ወገቡ የተሰበረው ውሻ እንዴት እንደ መጣ፣ ምን እንዳልሽው፣ እንዴት እንደ ተኛ። ስለ አራቱም አትደብቂያት፤ እንደ ከበደሽ ስታይ ከጎንሽ ልትቆም ትችላለች። የኃጢአቱን ጥያቄ ግን እኔ አልፈታውም፤ ነፍስ አባትሽ ዘንድ ሄደሽ አምስቱንም አራቱንም በየስማቸው ለይተሽ ተናገሪ። አንድ ላይ ጠቅልለሽ «ውሾች ገድያለሁ» ብትያቸው የሚሰጡሽ ምክር ለየትኛው እንደ ሆነ አታውቂውም።

ሥራውን ስለ መተው የጠየቅሽው ሦስተኛ ሆኖ በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከልብሽ የፈለግሽው ቢሆን አስቀድመሽ ትጽፊው እንደ ነበር እገምታለሁ። አሁን አትወስኚ። ዘጠኙንም የያዝሽው አንቺ ብቻ መሆንሽ ግን ልክ አይደለም። መርፌ ባለበት ዕለት የሚይዘው ሰው በተራ ይሁን፤ የያዘም ሰው የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ይሂድ ወይም ቡችሎቹን ብቻ ይመግብ። ይህን ከኃላፊሽ ጋር በምትነጋገሩበት በዚያው ቡና ላይ አንሺው። ሪፖርቱም ላይ ተራውም ላይ «አይሆንም» ካለሽ፣ ያን ጊዜ ስለ መልቀቅ እንደገና ጻፊልኝ፤ ሌላ ቦታ ስለ መፈለግም አብረን እናስባለን።

የሚቀጥለው ሥራሽ እንግዲህ ሐኪሙን ለማንያውቃል ምርመራ ቀን ማስቆረጥ ነው። ጥርሱ ታይቶ ምን እንደ ተገኘበት አሳውቂኝ።